ለኤሊዎቻችን አንድ የምግብ ዕቅድ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ ከመቅረቡ በፊት እንወያይበት

ጸሐፊ (አራት ኪሎ)፦
ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ። ለኤሊ አሳዳጊዎች ማኅበራችን ጉባኤ የሚቀርበውን የኤሊዎቻችንን የምግብ ዕቅድ እዚሁ እየተወያየን እንጨርሰው። ረቂቁ «በየወሩ አዋጥተን ሰላጣ፣ ቲማቲም፣ ካሮትና ሙዝ በጅምላ እንግዛ» ይላል። የጻፍኩት እኔ ነኝ። አሁን ግን ይህ ሐሳብ ቢቀር ይሻላል እላለሁ።

የእኔዋን ኤሊ ሁለት ዓመት ሙሉ ያበላኋት ከጉሊት የገዛሁትን ቲማቲምና ሙዝ ነው። ቀይ ነገር ስታይ አንገቷን አስግጋ ትመጣለች፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ኩሷ ግን ሁልጊዜ ቀጭን ነው፣ ይሸታል። ባለፈው ጥቅምት አጥሩ ሥር ያለው ሰርዶ ላይ ለቀቅኳት። ሣሩን በአፏ ጫፍ ያዝ ታደርገዋለች፤ የፊት እግሯን ተክላ ወደ ኋላ ትስባለች፤ ቀጭ ሲል ይሰማል። በሦስት ሳምንት ውስጥ ኩሷ ጠንከር አለ፤ ሲፈረፈር ውስጡ የሣር ጭረት ይታያል። ከሰርዶው ሌላ የጨመርኩት ነገር የለም። ታዲያ ገንዘባችንን ለምን ለአትክልት እናወጣለን?

አባል (ካዛንቺስ)፦
እህቴ፣ እኔ ቪዲዮ ላይ ያየሁት ሌላ ነው። እንቁላል፣ ትል፣ እንጉዳይ ሁሉ ይሰጧቸዋል። እኔም በሳምንት ሁለቴ እንቁላል እሰጣታለሁ። ዕቅዱ ውስጥ ፕሮቲን ካልገባ ትንሿ ኤሊዬ እንዳትጎዳብኝ ፈራሁ።

አባል (ልደታ)፦
ወንድሜ፣ ቪዲዮው አልዋሸህም። የሚያወራው ስለ ሌላ እንስሳ ነው። ያየኸው ቦክስ ተርትል የሚባለውን የሰሜን አሜሪካ ኤሊ መሆን አለበት። የሆዷ ልባስ እንደ ማጠፊያ ታጥፎ ጥርቅም ስለሚል ነው እንደ ሳጥን «ቦክስ» የተባለችው። እሷ ትል፣ ቀንድ አውጣ፣ እንጉዳይና የወደቀ ፍሬ እየለቀመች ነው የምትኖረው። የእኛዎቹ፣ ቢጫ መደብ ላይ እንደ ነብር ጥቁር ነጠብጣብ ያላቸው፣ የቆላ ልጆች ናቸው። ሣር በል ናቸው። ፕሮቲን ሲበዛባቸው ኩላሊታቸው ይጎዳል። ወተት ጭራሽ አይፈጩም። ዳቦና እንጀራም ይቅርባቸው።

አትክልቱም ቢሆን እንደምናስበው አይደለም። ሰላጣ አብዛኛው ውሃ ነው። ቆስጣ ውስጥ ያለው ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር ካልሲየሙን ይዞ ያስቀርባቸዋል። ጎመን አልፎ አልፎ አንድ ቅጠል አይጎዳም፤ የየቀኑ ምግብ ሲሆን ግን የእንቅርት ዕጢን ሥራ ያውካል። ፍራፍሬ ሲበዛ ደግሞ ሆዳቸውን ያስቀምጣቸዋል። የእህታችን ኤሊ ላይ የታየው ይኸው ይመስለኛል።

አባል (ካዛንቺስ)፦
እሺ፣ ገባኝ። እንቁላሉን ከዛሬ ጀምሮ አቆማለሁ። አመሰግናለሁ።

አባል (ልደታ)፦
እንቁላሉን ለልጆቹ፣ ቅርፊቱን ለኤሊዋ! ጥሩ ካልሲየም ነው፤ ገንዘብም አያስወጣም። አጥበህ አሥር ደቂቃ ቀቅለው፣ አድርቀው፣ በሙቀጫ እንደ ዱቄት እስኪልም ውቀጠው። በሳምንት ሁለቴ በጣት ቆንጥረህ ሣሩ ላይ ነስነስ ማድረግ ነው። ቅርፊት በየቤቱ ይጣላል፤ ዕቅዱ ላይ ይህን በደንብ እንጻፈው።

አባል (ፒያሳ)፦
ልጆቼ፣ እኔ ከግቢ ወጥቼ ኮንዶሚኒየም ገብቻለሁ። አራተኛ ፎቅ ነኝ። ሰርዶ ከየት አመጣለሁ? ለበዓል የሚሸጠውን ቄጤማ ብሰጣትስ? በረንዳዬ በመስታወት የተዘጋ ነው፤ ፀሐይ አላት።

ጸሐፊ (አራት ኪሎ)፦
ጋሼ፣ ቄጤማውን ቢተዉት ይሻላል። ብዙ ጊዜ ከወንዝ ዳር ነው የሚታጨደው፤ የከተማችን ወንዞች ደግሞ ፍሳሽ ይገባባቸዋል። ሰርዶን ግን ባሊ ውስጥ ማብቀል ይቻላል። ሥሩን ከነአፈሩ ቆርጠው ቢተክሉት ዝም ብሎ ይዛመታል። ሁለት ባሊ ካለዎት አንዱን ስትግጥ ሌላው ያገግማል። ባሊው ብቻ እንደማይበቃት አውቃለሁ፤ ቀሪውን ግቢ ያለን አባላት በየሳምንቱ አጭደን እናደርስልዎታለን።

ስለ ፀሐዩ አንድ ነገር ልበል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና። ካልሲየሙን ከሰውነታቸው የሚያዋህደው የፀሐይ ጨረር በመስታወት አያልፍም። መስኮቱን ይክፈቱላት፤ ቢቻል ደግሞ ወደ ታች ያውርዷት። ምግቡም ሙቀት ይፈልጋል። የአዲስ አበባ ጠዋት ለቆላ እንስሳ ብርድ ነው፣ በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ። ሰውነቷ ሳይሞቅ የበላችው ሆዷ ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ባይሰጧት ጥሩ ነው።

አባል (ፒያሳ)፦
እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። ባሊ አላጣም።

አባል (ካዛንቺስ)፦
ለለውጥ ያህልስ? ሣር ብቻ አይሰለቻትም?

አባል (ልደታ)፦
የሂቢስከስ ቅጠልና አበባ፣ መድኃኒት ያልተረጨበት የጽጌረዳ ቅጠል፣ እሾሁ የተቃጠለ የበለስ ቁልቋል። ቁልቋሉን እንደሚወዱት ብታይ! ከአጥር ዝም ብላችሁ እንዳትቆርጡ ግን አደራ። የወፍ ቆሎ፣ ጉሎና አስተናግር መርዝ ናቸው። የአቮካዶ ቅጠልም አይሰጥም። የእነዚህን ፎቶ ዕቅዱ ላይ እንለጥፍ፣ በቃል ብቻ ይሳሳታሉ።

አባል (ሰንጋ ተራ)፦
አንድ ነገር ልጨምር። ዕቅዳችን ቤታችን ላሉት ኤሊዎች ብቻ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ። መንገድ ዳር የሚሸጡትን መግዛት ከዱር መልቀምን ማበረታታት ነው። የዱር እንስሳትን የሚጠብቅ አዋጅ አለ። የዱር እንስሳትን ንግድ በሚቆጣጠረው ሣይተስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነትም ንግዳቸው ቁጥጥር አለበት። ጉባኤው ላይ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ባለሙያ ብንጋብዝና ስለ ፈቃዱ ብንጠይቅ እኔ እመርጣለሁ። ደግሞ ልጆች ከነኳቸው በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፤ ሳልሞኔላ የሚባል ሆድ የሚያሳምም ተህዋሲያን ሊይዛቸው ይችላል።

ጸሐፊ (አራት ኪሎ)፦
ሁሉንም ይዣለሁ። የተስተካከለው ሐሳብ ይኸውላችሁ፦

«የማኅበሩ አባላት ኤሊዎች ዋና ምግብ ሰርዶና ሌላ ንጹሕ ሣር ይሆናል፤ ቅጠልና አበባ ይጨመርበታል። ግቢ ያለው ለሌለው ሣር ያካፍላል። የእንቁላል ቅርፊት በየቤቱ ተሰብስቦ በየወሩ በአንድ ቤት ይወቀጣል። ለአትክልት ይዋጣ የነበረው ገንዘብ ለባሊ፣ ለአፈርና በዓመት አንድ ጊዜ ለሐኪም ምርመራ ይውላል። ማኅበሩ ከዱር የመጣ ኤሊ አይገዛም፣ አያስገዛም።»

የሐኪሙን ነገር ያስገባሁት የአንዳንዶቹ አፍ ጫፍ ከመጠን በላይ አድጎ ስላየሁ ነው። ለስላሳ ምግብ ብቻ ሲበሉ አይሞረድላቸውም። በቤት መቀስ አትንኩት።

የምትቃወሙት ቃል ካለ እስከ ዓርብ ጻፉልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሰርዶ በጆንያ ይዤ ፒያሳ እመጣለሁ። ጋሼ፣ ባሊዎቹን ከታች በስተው ይጠብቁኝ፤ ውሃ ከቋተ ሥሩ ይበሰብሳል።