ማክሮ ያለው የወርድ ቴምፕሌት በአንዱ ኮምፒውተር ቀይ፣ በሌላው ቢጫ ማስጠንቀቂያ ለምን ያሳያል?

ጥያቄ፦ ብራና
ባልደረባዬ ለደብዳቤ የሚያገለግል የወርድ ቴምፕሌት በኢሜይል ልኮልኛል፤ የፋይሉ ቅጥያ ዲኦቲኤም ነው። በቤት ኮምፒውተሬ ስከፍተው ቀይ መስመር መጥቶ ማክሮው፣ ማለትም በፋይሉ ውስጥ ያለው ትንሽ ፕሮግራም፣ መታገዱን ነገረኝ። ያንኑ ፋይል በፍላሽ ወስጄ በቢሮ ስከፍተው ግን የመጣው መስመር ቢጫ ሲሆን፣ «ኢነብል ኮንቴንት» የሚል ቁልፍም አለው። የቢሮው ኮምፒውተር መርምሮ ደኅና ሆኖ አግኝቶት ይሆን? በተጨማሪም ሁለቴ ጠቅ ሳደርገው በራሱ ስም ሳይሆን «ዶኩመንት1» ተብሎ ይከፈታል። ቁልፉን እስካሁን አልተጫንኩትም።

መልስ፦ መዝገብ
እንኳን አልተጫኑት። የቀለሙ ልዩነት የምርመራ ውጤት አይደለም። ዊንዶውስ ከኢንተርኔት በመጣ ፋይል ላይ የመነሻ ምልክት ያኖራል፤ ማይክሮሶፍትም ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህ ምልክት ባለባቸው ፋይሎች ውስጥ ያሉ ማክሮዎችን እንዲሁ ያግዳል። ምልክቱ የሚቀመጠው ኤንቲኤፍኤስ በተባለው የዲስክ አሠራር በመሆኑና አብዛኞቹ ፍላሾች በፋት32 ወይም በኤክስፋት ስለሚዘጋጁ፣ ፋይሉ ወደ ፍላሹ ሲገለበጥ ምልክቱ ይጠፋል። ስለዚህ የቢሮው ወርድ ፋይሉን እዚያው እንደተሠራ ቆጥሮት ነው እንጂ ፋይሉ ያው ራሱ ነው። ቢጫው ላይ አንዴ ከፈቀዱ ደግሞ ወርድ ሰነዱን እንደታመነ ይመዘግበውና ዳግመኛ አይጠይቅዎትም።

«ዶኩመንት1» መባሉ አያስጋዎት፤ ቴምፕሌት ሁለቴ ጠቅ ሲደረግ በእርሱ ላይ የተመሠረተ አዲስ ሰነድ ይፈጥራል። ቴምፕሌቱን ራሱን ለማየት በቀኝ ጠቅ አድርገው «ኦፕን» ይበሉ።

መልስ፦ ቁልፍ
እኔ የማውረጃ ማኅደሬን «ትረስትድ ሎኬሽን» አድርጌው ከጥያቄው ተገላግያለሁ።

መልስ፦ ጎህ
ቁልፍ፣ ይህን እባክዎ ይመልሱት። በታመነ ማኅደር ውስጥ ያለ ማክሮ ሳይጠይቅ ይሠራል፤ የማውረጃ ማኅደር ደግሞ የማናውቀው ነገር ሁሉ የሚያርፍበት ነው። በቴምፕሌት ጉዳይ መጠንቀቅ የሚገባን በምክንያት ነው፤ በ1995 እ.ኤ.አ. የታየው ኮንሰፕት የተባለ ቫይረስ ወርድ ሲነሣ ሁልጊዜ ወደሚጭነው ኖርማል ቴምፕሌት ራሱን እየገለበጠ፣ ከዚያ በኋላ የሚቀመጡ ሰነዶችን ይበክል ነበር።

ብራና፣ ሳይፈቅዱ ውስጡን ማየት ይችላሉ። የፋይሉን ቅጂ ወስደው ቅጥያውን ወደ ዚፕ ይቀይሩና ይክፈቱት፤ «ወርድ» በተባለው ማኅደር ውስጥ «ቪቢኤፕሮጀክት» የሚባል ፋይል ከሌለ፣ ቅጥያው ምንም ቢል በቪቢኤ (የወርድ ማክሮዎች በሚጻፉበት ቋንቋ) የተሠራ ማክሮ የለውም። ካለ ደግሞ ቴምፕሌቱን መዝገብ እንዳሉት ከፍተው፣ ማክሮው እንደታገደ አልትና ኤፍ11ን ይጫኑና ኮዱን ያንብቡ። «አውቶኒው» ወይም «አውቶኦፕን» የሚል ስም ካዩ፣ ያ ክፍል ማንም ሳያዝዘው የሚነሣ ነው። «ሼል» የሚለው ቃል ሌላ ፕሮግራም ስለሚያስነሣ፣ በደብዳቤ ቴምፕሌት ውስጥ ምን እንደሚሠራ ላኪው ማስረዳት አለበት። ኮዱ በይለፍ ቃል ከተቆለፈም ሳያናግሩት አይፍቀዱ።

ብራና
እንዳላችሁኝ አየሁት። አንድ «አውቶኒው» ብቻ አለው፤ እርሱም የዕለቱን ቀን ከደብዳቤው ራስጌ ላይ ይጽፋል። «ሼል» የሚል የለም። ላኪውንም በስልክ ጠይቄው ራሱ እንደጻፈው ነግሮኛል።

መልስ፦ መዝገብ
እንግዲያውስ ቀኑን በእጅዎ መጻፍ ካልከበደዎት ማክሮው ጨርሶ አያስፈልግዎትም። ቴምፕሌቱን «ሴቭ አዝ» ብለው በዲኦቲኤክስ ዓይነት ያስቀምጡት፤ ይህ ዓይነት ማክሮ ስለማይይዝ ኮዱ ይቀርና ራስጌው፣ ፊደሉና ኅዳጉ እንዳለ ይቆያል። ለሌሎች ባልደረቦችዎም የሚያካፍሉት ይህኛውን ይሁን።

መልስ፦ ቁልፍ
ጎህ፣ አመሰግናለሁ። የማውረጃ ማኅደሩን ከታመኑት ዝርዝር አውጥቼዋለሁ።