አምስት ዓመት ሱቅ ሠርቼ ሲቪዬ ግማሽ ገጽ አልሞላ አለኝ

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አምስት ዓመት ሱፐርማርኬት ውስጥ ሠርቻለሁ፣ መጀመሪያ ዕቃ ደርዳሪ፣ ከዚያ ካሸር። ሥራ ልቀይር ብዬ ሲቪ ልጽፍ ስቀመጥ "ደንበኛ አስተናግዳለሁ፣ ሂሳብ እቀበላለሁ" ከሚለው ሌላ የሚወጣኝ ጠፋ። ከላክሁባቸው ቦታዎች አንድም የደወለ የለም። ስንት ነገር እንደለፋሁ አውቃለሁ፣ ወረቀት ላይ ግን ምንም ያልሠራሁ እመስላለሁ። እባካችሁ እርዱኝ።

የሱቅ ኃላፊ የነበርኩ፦
እህቴ፣ ለዓመታት ሠራተኛ ስቀጥር ኖሬያለሁ። "ደንበኛ አስተናግዳለሁ" የሚለውን ሁሉም ስለሚጽፈው ዓይኔ ዘሎት ያልፋል። ቆም ብዬ የማነበው ምን አምነው እንደሰጡሽ ሲጻፍ ነው። ማታ ሂሳብ የምትዘጊው አንቺ ነበርሽ? ቁልፍ ይዘሽ ታውቂያለሽ? አዲስ ልጅ ሲገባ አንቺ ጋ አስቀምጠው ሥራ አስለምደሻል? እሱን ጻፊ። ለምሳሌ፦ "በየሺፍቱ መጨረሻ ጥሬ ገንዘቡን ከማሽኑ ሪፖርት ጋር አመሳክሬ አስረክብ ነበር፤ አራት አዳዲስ ካሸሮችን አሠልጥኛለሁ።" ቁጥሩ ግን የእውነት ይሁን፣ ኢንተርቪው ላይ መጠየቅሽ አይቀርም።

ስቶክ ክፍል፦
ዕቃ ደርዳሪነቱንም አታሳንሺው! ቀኑ ሊያልፍ የደረሰውን ወደ ፊት አምጥቶ አዲሱን ከኋላ መደርደር፣ ቆጠራ ላይ የጎደለውን ማወቅ፣ ሱቅ እኮ ብዙ ገንዘብ የሚያጣው እዚያ ጋ ነው። ደግሞ የመጨረሻው ሥራሽ ከላይ ይምጣ። ማስታወቂያው "ስቶክ ቁጥጥር" ካለ አንቺም በዚያው ቃል ጻፊው፣ ምክንያቱም ትልልቆቹ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ ሲቪውን መጀመሪያ በሶፍትዌር ነው የሚያጣሩት። ሠንጠረዥና ጌጥ አታብዢ፣ ሶፍትዌሩ አዛብቶ ሊያነበው ይችላል። አንድ ገጽ ይበቃሻል።

ጠያቂዋ፦
ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ሱቁን የምከፍተው እኔ ነበርኩ! ይጻፋል ብዬ አስቤው አላውቅም። አንድ ነገር ልጨምር፣ እናቴ ታማ ስምንት ወር ሥራ አቁሜ ነበር። ልደብቀው?

የሱቅ ኃላፊ የነበርኩ፦
እንዳትደብቂው። ዓመተ ምህረቱን ብትነካኪው የቀድሞ ቦታሽ ሲደወል ይታወቃል፣ ያኔ ሌላውንም አያምኑሽም። "ቤተሰብ በማስታመም፣ 8 ወር" በይና እለፊው፣ ዝርዝር አያስፈልገውም። እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ሱቅ መክፈትሽን ግን የመጀመሪያው መስመር ላይ አድርጊው። ስትጨርሺ እዚህ ለጥፊው፣ ስምና ስልክሽን አጥፍተሽ፣ አብረን እናየዋለን።