ለኮዮቲ አደን የእርሳስ ጥይት በህግ ይከልከል ወይስ ለአዳኙ ይተው?

ሄኖክ (ፍሬስኖ)፦ እስቲ በዚህ እንከራከር። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከጁላይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ ማንኛውንም የዱር እንስሳ በእርሳስ ጥይት ማደን ክልክል ነው፣ ተኩላ መሰሉን አውሬ ኮዮቲንም ጨምሮ። ሌሎቹ ስቴቶችም ይከተሉ እላለሁ። ምክንያቴ አንድ ነው። አጋዘን የመታ ሰው ስጋውን ይዞ ይሄዳል። ኮዮቲ የመታ ግን ብዙውን ጊዜ እዛው ጥሎት ነው የሚሄደው፣ የሚበላው ደግሞ ጥምብ አንሳና ንስር ነው። ለኮዮቲ የሚመረጠው አረር ሲመታ እንዲበታተን ተብሎ የተሰራ ስለሆነ የእርሳሱ ብናኝ ስጋው ውስጥ ይረጫል። ወፎቹ የሚመረዙት በዚህ ነው።

ጋሽ ታደሰ (ከዳላስ ወጣ ብሎ)፦ ልጄ፣ ግልገሎችህን ኮዮቲ ሲጨርስብህ እንዲህ አታወራም። እኔ በ.223 ጠመንጃዬ የምተኩሰው ክብደቱ 55 ግሬን የሆነ፣ ቪ-ማክስ የሚባል አረር ነው። ጫፉ ፕላስቲክ፣ ውስጡ እርሳስ። እዛው ይፈረካከሳል፣ ኮዮቲው ሳይሰቃይ ይወድቃል፣ ዋናው ነገር ደግሞ አረሩ አልፎ ወይ ከድንጋይ ነጥሮ የጎረቤት ከብት የማግኘት እድሉ ይቀንሳል። ድፍን መዳብ ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። ዋጋውም አይቀመስም። በዚህ ነው በህግ የምታስገድዱኝ?

ሄኖክ፦ ጋሼ፣ የደህንነቱ ነገር ልክ ነዎት። ግን ያለው ድፍን መዳብ ብቻ አይደለም። ባርንስ የሚባለው ኩባንያ የሚሰራው ቫርሚንት ግሬኔድ የሚባል አረር አለ፣ ለ.223 36 ግሬን። ውስጡ የመዳብና የቆርቆሮ ዱቄት ነው፣ ሲመታ ይበተናል። ቀላል ስለሆነ ከርቀት ንፋስ ይገፋዋል፣ አልክድም። ግን ኮዮቲን በድምፅ ጠርቶ የሚያድን ሰው በ100 እና በ150 ያርድ ላይ ምን ይቸገራል?

ጋሽ ታደሰ፦ የድሮዋ .22-250 ጠመንጃዬስ? አፈሙዟ አረሩን በ14 ኢንች አንዴ ብቻ ነው የሚያዞረው። መዳብ ከእርሳስ ይቀላል፣ እኩል እንዲመዝን ታዲያ አረሩን ማስረዘም ያስፈልጋል፣ ረጅም አረር ደግሞ በደንብ ካልተሽከረከረ ይንገዳገዳል። ቆስሎ ጫካ ገብቶ የሚማቅቀው እንስሳ አያሳዝንም?

ሰናይት (ፍላግስታፍ፣ አሪዞና)፦ እዚህ በሌላ መንገድ ነው የሄድነው። ግዙፉ ጥምብ አንሳ የካሊፎርኒያ ኮንዶር በ1982 በመላው ዓለም 22 ብቻ ቀርቶ ነበር። ተራብቶ በ1996 እኛ ጋ መለቀቅ ጀመረ። ከ2005 ጀምሮ ስቴቱ በካይባብ አካባቢ ለሚያድኑ ሰዎች እርሳስ የሌለው ጥይት በነፃ ሰጠ፣ ማንንም ሳያስገድድ፣ አብዛኛው አዳኝም ገባበት። ሰው ሲከበር ይሰማል። ግን እውነቱን ልናገር፣ ኮንዶርን በብዛት የሚገድለው ዛሬም እርሳስ ነው። ስለዚህ ነፃ ጥይቱ ጥሩ ነው፣ ብቻውን ግን አልበቃም። እኔም ወደ ህጉ እያደላሁ ነው።

ጋሽ ታደሰ፦ ቴክሳስ ውስጥ ኮንዶር የለም እኮ።

ሰናይት፦ ንስር ግን አለ ጋሼ። እሱም ጥምብ ይበላል፣ እሱንም እርሳስ ይመርዘዋል።

ሄኖክ፦ በእርሳስ የሚተኩስ ቢያንስ የገደለውን ይቅበር ወይ ይዞት ይሂድ። ይሄስ ያስማማናል?

ጋሽ ታደሰ፦ ይሄን እቀበላለሁ። ከኔ መሬት ላይ የወደቀውን ከዛሬ ጀምሮ እቀብራለሁ። ህጉን ግን አልደግፍም።

ሰናይት፦ እርስዎ ይቀብራሉ፣ አምናለሁ። መኪና ይዞ ከሩቅ መጥቶ፣ በረሃ ላይ መትቶ፣ ሳይመሽ የሚመለሰውስ? አካፋ ይዞ ይመጣል?