«የንብ መዓት ወረደባቸው» ሲል ቁጣ ነው ወይስ ብዛት?

አርታዒዋ፦
ሰላም ለቤቱ። የማርመው ተረት ውስጥ «ዘራፊዎቹ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ሲረግጡ የንብ መዓት ወረደባቸው» ይላል። ብዙ ንብ ነው ወይስ በንብ የመጣ የእግዚአብሔር ቁጣ? «የንብ መንጋ» ብዬ ብለውጠው የሚጎድል ነገር ይኖራል?

ዘዋሸራ፦
መዓት ቍጣ ነው፣ አለቀ። ግሡ «ተምዐ» ነው፤ ተቈጣ። መዝሙር 6 ገና ሲከፈት «እግዚኦ በመዓትከ ኢትቅሥፈኒ ወበመቅሠፍትከ ኢትገሥጸኒ» ይላል። ብዛት የምትሉት የገበያ አማርኛ ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦
የገበያው ሌላ ቃል ነው እንጂ! ብዛትን የሚያሳየው በአልፋው አ፣ «መአት» ነው፤ ከ«ምእት»፣ ከመቶ የመጣ። የኒቅያን 318 አባቶች «ሠለስቱ ምእት» እንላቸው የለ? አማርኛ አን ከዐ በአፍ ስለማይለይ ሁለቱ ተደባለቁ። ማስረጃ ከፈለጋችሁ «ምእተ ዓመት»ን «ምዕተ ዓመት» እያለ የሚጽፈውን ሕዝብ ቁጠሩ።

ዘዋሸራ፦
የፊደል ስሕተት ማስረጃ ሆኖ አያውቅም። ምእት አማርኛ ውስጥ ወራሽ አለው፣ «መቶ» ይባላል። ሁለተኛ ልጅ አንተ ነህ የወለድክለት።

ሰምና ወርቅ፦
እኔም የራሴን ልውለድ። መዝሙር 102 «ርሑቀ መዓት ወብዙኀ ምሕረት» (ከቁጣ የራቀ፣ ምሕረቱ የበዛ) ይላል። ሕዝቡ በቅዳሴ እያንቀላፋ «መዓት»ና «ብዙኅ»ን አንድ ላይ ሰማቸው፤ ሲነቃ ተጣብቀው አገኛቸው። 😄

ግስ ወዳድ፦
ቀልዱ ይቆየንና፣ ለሽግግሩ ሁለተኛ ቃል አያስፈልግም። «የስድብ መዓት አወረደበት» የሚለውን ተመልከቱ። ቁጣም ነው፣ ብዙ ስድብም ነው፤ ሁለቱም ንባብ ያስኬዳል። ከዚያ «የዱላ መዓት»፣ ከዚያ «የሰው መዓት»፣ በመጨረሻ ዘርፉ (አገናዛቢው «የ») ቀርቶ «መዓት ሰው»፣ «መዓት ብር»። አማርኛ ክፉውን ቃል ለብዛት መዋሱ አዲስ አይደለም፤ «ሰው እንደ ጉድ መጣ»፣ «ክፉኛ ወደዳት» እንላለን።

ፊደል ቆጣሪ፦
ታዲያ «መቅሠፍት» ለምን ብዛት አልሆነም? እሱም ይወርዳል።

ግስ ወዳድ፦
ጥሩ ጥያቄ። የእኔ ግምት፦ መቅሠፍትን «ቀሠፈ» ይዞታል፤ ግሡ አማርኛ ውስጥ በሕይወት አለ። «ተምዐ» ግን ግእዝ ውስጥ ቀረ። ግስ የሌለው ስም የሚይዘው ስለሌለ ይንሸራተታል። እንዲያውም የአማርኛው መዝሙር 6 «በቍጣህ አትቅሠፈኝ፣ በመዓትህም አትገሥጸኝ» ይላል። የግእዙ መዓት ቦታ ላይ ቍጣ ገባ፣ መዓት ደግሞ ወደ መቅሠፍት ቦታ ወረደ። ንዴት የነበረው ቃል የንዴቱ ውጤት ወደ መሆን አዘንብሏል፤ ከውጤት ወደ ብዛት ሩቅ አይደለም።

ዘዋሸራ፦
መዓት ለእግዚአብሔር ብቻ የሚነገር ስለሆነ ነው ከቍጣ የሚለየው። የሰው ንዴት መዓት አይባልም።

ሰምና ወርቅ፦
የኔታ፣ መዝሙር 4 «ተምዑ ወኢተአብሱ» (ተቈጡ፣ ግን አትበድሉ) ሲል ማንን ነው የሚያዘው? መላእክትን?

ዘዋሸራ፦
ግሡን አላልኩም፣ ስሙን ነው ያልኩት።

ግስ ወዳድ፦
ለግእዙ አያስኬድም፣ ለአማርኛው ግን የኔታ ግማሽ እውነት አላቸው። «የአባቴ ቁጣ» እንጂ «የአባቴ መዓት» የሚል የለም። ያዕቆብ 1፥20ም «የሰው ቍጣ የእግዚአብሔርን ጽድቅ አይሠራምና» ነው። ግን ቁጣ ለሁለቱም ያገለግላል፤ ሮሜ 2፥5 የፍርዱን ቀን «የቍጣ ቀን» ይለዋል። ሶፎንያስ 1፥15 ላይ ደግሞ «የመዓት ቀን» ነው።

ሰምና ወርቅ፦
የዛሬ ልጅ «የመዓት ቀን» ሲሰማ ረጅም የትምህርት ቤት ዕረፍት ይመስለዋል።

አርታዒዋ፦
ንቦቼስ? 🙏

ግስ ወዳድ፦
እህቴ፣ ከመዓቱ ይልቅ «-ባቸው»ን ተመልከቺ። ለጉዳት የሚገባው «በ» ነው፤ «ወረደላቸው» ቢል በረከት ይሆን ነበር። ቅዱስ ላሊበላን ሲወለድ ንብ «ከበበው» ይባላል፣ «የንብ መዓት ወረደበት» የሚል ግን የለም። ስለዚህ «መንጋ ወረደባቸው» ብትዪም ጉዳቱ በግሡ ይቀራል፤ ላኪው ግን ይጠፋል።

ፊደል ቆጣሪ፦
«መዓት እንግዳ መጣብኝ»ስ? ላኪው ማን ነው?

ሰምና ወርቅ፦
አማት።

ፊደል ቆጣሪ፦
አየህ፣ ይኼኛው በአልፋው አ ነው!

ዘዋሸራ፦
መጀመሪያ «ቁጣ» እያላችሁ የጻፋችሁ ሁሉ «ቍጣ» ብላችሁ አርሙ፤ ስለ ንቡ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።