ቦይለር ወይም የድሮ ኤሲ በሂት ፓምፕ ለምትቀይሩ

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ዳይኪን ይሻላል ወይስ ሚትሱቢሺ?" ብሎ ነው። ሁለቱም ደህና ናቸው። ፓናሶኒክም እንደዚያው። እኔ ግን ከማሽኑ በፊት የሚገጥመውን ሰው ምረጡ ባይ ነኝ።

ሂት ፓምፕ ነዳጅ አያነድም። በቧንቧው ውስጥ በሚዞር ጋዝ አማካኝነት ከውጭ አየር ላይ ሙቀት ሰብስቦ ወደ ቤት ያስገባል፤ ሲሞቅ ደግሞ በተቃራኒው ይሠራል። ብርዱ ካልጠና በ1 ኪሎዋት ሰዓት መብራት 3 ወይም 4 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይሰጣል። ብርዱ ሲበረታ ይህ ይወርዳል። ካታሎጉ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ውጭው 7 ዲግሪ ሲሆን የተለካው ስለሆነ አይሸውዳችሁ። አካባቢያችሁ በጣም በሚቀዘቅዝበት ሌሊት ስንት ኪሎዋት እንደሚሰጥ ጠይቁ።

የቤታችሁን ስፋት ብቻ ሰምቶ በስልክ ዋጋ የሚቆርጥላችሁን እለፉት። ደህናው ባለሙያ መጥቶ መስኮቱን፣ ጣሪያውን፣ ግድግዳውን ያያል፤ እያንዳንዱ ክፍል ስንት ሙቀት እንደሚያባክን ያሰላል። "ተለቅ ያለ ይሁን፣ ምን ይጎዳል?" የሚልም አለ። ይጎዳል እንጂ! ከልክ ያለፈ ማሽን ቶሎ ቶሎ እየበራ ይጠፋል፤ መብራት ይበላል፣ ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕረሰር ይደክማል፣ የቤቱም እርጥበት በደንብ አይወጣም።

ሲገጥም አጠገቡ ቁሙ። ቧንቧው ከተያያዘ በኋላ በናይትሮጅን ግፊት ማፍሰስ አለማፍሰሱ ይፈተሻል። ቀጥሎ በቫኪዩም ፓምፕ አየሩና እርጥበቱ ተስቦ ይወጣል። ጋዙ የሚለቀቀው ከዚያ በኋላ ነው። ገጣሚው "ቫኪዩም አያስፈልገውም" ካላችሁ ሥራውን አስቁሙት።

በቦይለር ሙቅ ውሃ ክፍል የሚያሞቅ ራዲያተር ያላችሁ ደግሞ ውል ሳትፈርሙ ይህን ሞክሩ፤ ሂት ፓምፕ ብዙ ጊዜ ከቦይለር ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ነው የሚልከው። በጣም በሚቀዘቅዝ ቀን ቦይለሩ ወደ ራዲያተሮቹ የሚልከውን ውሃ ወደ 50 ዲግሪ ዝቅ አድርጉት። የመታጠቢያውን የሙቅ ውሃ ጋን ግን አትንኩት፤ እሱ ከቀዘቀዘ ባክቴሪያ ያፈራል። ቤቱ ሞቆ ከዋለ ያሉት ራዲያተሮች ይበቃሉ። አንዱ ክፍል ብቻ ከቀዘቀዘ የዚያን ክፍል ብቻ በትልቅ ቀይሩ። ሁሉንም አፍርሱ የሚላችሁን ቶሎ አትመኑ።

ከማሽኖቹ ኢንቨርተር ያለውን ውሰዱ፤ እንደ ፍላጎቱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ይጨምራል። ጋዙንም እዩ። የቆየው አር-410ኤ ቢያመልጥ አየር ንብረትን የመጉዳት አቅሙ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 2,000 እጥፍ ነው፤ አር-32 ወደ 675። አር-290 ማለትም ፕሮፔን ከሁለቱም በጣም ያነሰ ነው፤ ግን ስለሚቀጣጠል የውጭው ማሽን ከበርና ከመስኮት መራቅ አለበት።

የውጭውን ማሽን ከመሬት ከፍ አስደርጉት። በብርድ ጊዜ በላዩ የያዘውን በረዶ ራሱ ያቀልጣል፤ ውሃው መውረጃ ይፈልጋል። ያኔ እንደ ጭስ የሚታየው እንፋሎት ነው፣ አትደንግጡ።