የኦንላይን ዲኤንዲ ካምፔይናችን ዓመት ሞላው፤ ልቀጥል ወይስ ልዝጋው?

ባለ20 ገጽ፦

ሰላም ጓዶች። ለማታውቁት፣ ዲኤንዲ (ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ) እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ፣ ዳይስ እየጣለ፣ አብሮ ታሪክ የሚፈጥርበት ጨዋታ ነው፤ ካምፔይን ደግሞ ብዙ ጊዜ እየተገናኙ የሚቀጥሉት አንድ ረጅም ታሪክ ነው። የእኛ ሰሞኑን ዓመት ሞላው። አምስት ነን፤ እኔ ዲኤም (ታሪኩን የምመራው)፣ አራቱ ተጫዋቾች። በአካል ተገናኝተን አናውቅም። ወሬው ዲስኮርድ በሚባለው የድምፅ መተግበሪያ፣ ካርታውና ዳይሱ ሮል ትዌንቲ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ነው። ስንጀምር በየሳምንቱ ሦስት ሦስት ሰዓት ብለን ነበር። ትናንት ማስታወሻዬን ስቆጥር ግን ከ52 ሳምንት የተጫወትነው 29ኙን ነው። ሌላው «ዛሬ አይመቸኝም»፣ «ኔትወርክ የለም»፣ አንዴ ደግሞ እኔን ራሴን እንቅልፍ ጥሎኝ። ሁለቱ የቀሩት የአንዱ ተጫዋች አገር ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ስለቀየረና የእኛ ስላልተቀየረ ነው፤ እሱ ሲገባ እኛ የለንም፣ እኛ ስንገባ እሱ ተስፋ ቆርጦ ወጥቷል።

ላማርር አይደለም የመጣሁት። ሦስተኛው ሴሽን (የአንድ ቀን ጨዋታ) ላይ 7 ሂት ፖይንት (የሕይወት ነጥብ) ብቻ ያለው ተራ ጎብሊን፣ ትንሽ ጭራቅ፣ መንገድ ላይ አቆምኩላቸው፣ በሁለት ምት ይሞትና እናልፋለን ብዬ። እነሱ ግን ራሱን አሳቱት እንጂ አልገደሉትም። ሲነቃ ስሙን ጠየቁት። ስም የት አዘጋጅቼለት! «ኩርፊያ» አልኳቸው፣ አፌ ላይ የመጣልኝን። ይኸው ዛሬ ኩርፊያ የቡድኑ ገንዘብ ያዥ ነው። ስድስት ሰዓት ቁጭ ብዬ ብርሃንና ጥላው ሳይቀር ያበጀሁትን ቤተ መንግሥት ግን በጓሮ በኩል ዞረው አለፉት።

የከበደኝ ሌላ ነው። ጠረጴዛ ከበው ሲጫወቱ ሁለት ሰው ጥግ ይዞ ቢያንሾካሹክ፣ ሌላው ቢስቅ፣ ጨዋታው አይቆምም። ኦንላይን ግን ሁለት ሰው አንድ ላይ ከተናገረ የሁለቱም አይሰማም፣ ስለዚህ ደፋሩ ይናገራል፣ ጨዋው ይጠብቃል፣ ሲጠብቅ ሲጠብቅ ከነጭራሹ ይጠፋል። ሌባዋን የምትጫወተው ልጅ እንደዚያ ሆነችብኝ። የነቃሁት ስምንተኛው ወር ላይ ነው። «አንቺስ አሁን ምን ታደርጊያለሽ?» ብዬ በስሟ መጠየቅ ስጀምር ለካ ሙሉ ዕቅድ ይዛ ነበር የተቀመጠችው።

ጥያቄዬ ይኸው። ጉሩፑ ላይ ስጠይቅ አራቱም «እንቀጥል» ይላሉ። ግን አይመጡም። ሁለተኛ ዓመት ልግባ ወይስ እዚሁ ልዝጋው?

ሦስት ይበቃናል፦

ወንድሜ፣ 29 ሴሽን ቀልድ አይደለም። እኔ እስካሁን አምስት ካምፔይን ጀምሬ ሦስቱ አራተኛ ሴሽን ሳይደርሱ ነው የሞቱት።

ሰው ሲጎድል አትሰርዝ። ችግርህ እዚያ ነው። አንድ ሰው ቀርቶ ጨዋታው ከተሰረዘ የቀረው ሰው ምንም አላመለጠውም፣ ስለዚህ በሚቀጥለው መቅረት ይቀለዋል። እኛ በየሁለት ሳምንቱ አደረግነው፣ ቀኑ አይነቃነቅም፣ ሦስት ተጫዋች ከመጣ እንጫወታለን። የቀረው ሰው ካራክተር (የሚጫወተው ገጸ ባሕርይ) ካምፕ ውስጥ ፈረስ ይጠብቃል። ይህ እንዲሠራ ግን እያንዳንዱ ሴሽን ሲያልቅ ወደ ካምፕ መመለስ አለባችሁ። ዋሻ መሀል ላይ ካቆማችሁ በሚቀጥለው የቀረው ሰው ካራክተር የት ይገባል? መጀመሪያ ላይ ይህን አላሰብንበትም ነበር፣ አንድ ቄስ ዘንዶ ፊት ድንገት ተንኖ ጠፋ።

ደግሞ የቱን የሕግ መጽሐፍ ነው የምትጠቀሙት? የ2014ቱን ወይስ የ2024ቱን? እኛ ግማሹ በአንዱ ግማሹ በሌላው እየተጫወትን ሃያ ደቂቃ ስለ መድኃኒት ብልቃጥ ተጨቃጨቅን። በአሮጌው ሕግ መጠጣት ሙሉ አክሽንህን፣ ማለትም የተራህን ዋና ድርጊት፣ ይበላል፤ በአዲሱ ቦነስ አክሽን፣ ማለትም ተጨማሪ ትንሽ ድርጊት፣ ነው። ሁለታችንም ልክ ነበርን፤ ሊሞት የተቃረበው ሰው ግን ዝም ብሎ ሲያዳምጠን ነበር።

ማይኬ ጠፍቷል፦

እኔ እንደ ሌባዋ ልጅ ነኝ፣ ስለዚህ ልናገር።

ማይኬን የማጠፋው ስለደበረኝ አይደለም። ቤት ውስጥ ድምፅ አለ፣ ደግሞ የሰው ንግግር ማቋረጥ አልወድም። ዝምተኛ ሁሉ ተከፍቷል ማለት አይደለም፣ አንዳንዴ ማዳመጡ ራሱ ጨዋታ ነው። የሚያስመርረኝ ውጊያ ነው። እናንተ አምስት ናችሁ፤ እኔ ሌባዋ ብሆን፣ ከእኔ ሌላ አራቱ፣ አንተን ጨምሮ፣ ሦስት ሦስት ደቂቃ ቢወስዱ ተራዬ የሚመለሰው ከ12 ደቂቃ በኋላ ነው። በ12 ደቂቃ ማንም ሰው ሌላ ታብ ይከፍታል። ከዚያ ስሜ ሲጠራ «ይቅርታ፣ ምን ተፈጠረ?» እላለሁ፣ አንተም እንደ አዲስ ታስረዳኛለህ፣ ሌላ ሁለት ደቂቃ። የእኛ ዲኤም አንድ ነገር ለመደ፦ አንዱን ሲጠራ «ቀጥሎ አንቺ ነሽ፣ ተዘጋጂ» ይላል። በቃ። ሌላ ምንም አልቀየረም፤ ውጊያው ግን በግልጽ አጠረ።

ሌላው፣ በሴሽን መሀል ላሉት ቀናት የጽሑፍ ቻናል ክፈትላት። በድምፅ አሥር ቃል የማትናገር ልጅ በጽሑፍ ገጽ ሙሉ ልትጽፍልህ ትችላለች።

«እንቀጥል» ስላሉህ ነገር ግን አትቀየመኝና፣ ጉሩፕ ላይ ከተጠየቀ ማን ነው «እናቁም» የሚለው? ዓመት ሙሉ የለፋህን ሰው? ለየብቻ በውስጥ መስመር ጠይቃቸው። ደግሞ «እንቀጥል ወይ?» አትበላቸው። «ካራክተርህ ምን ሳያደርግ ቢቀር ይቆጭሃል?» በላቸው። መልስ ያጣው ሰው በልቡ ጨርሷል ማለት ነው።

ዳይሱ ከዳኝ፦

የሦስት ይበቃናል ሐሳብ ለአንዳንድ ቡድን ይሠራል፣ ለዚህኛው ግን አይመስለኝም። ሰው የማይመጣው ቀኑ ስላልጸና ብቻ አይደለም፣ መጨረሻው ስለማይታየውም ነው። ስንቱ ካምፔይን «ዓለምን ከክፉው ንጉሥ ማዳን» ተብሎ ተጀምሮ በዓመቱ ንጉሡን በዓይን ያየው የለም እኮ! እኔ ብሆን «ሦስት ሴሽን ቀረን» ብዬ አውጃለሁ። ሲያልቅ አልቋል፣ ከፈለጋችሁ ሌላ ትጀምራላችሁ። እኛ ስድስት ወር ሲንፏቀቅ የቆየ ታሪክ እንዲህ ብለን ዘጋነው፣ ያን ጊዜ ግን አንድም ሰው አልቀረም።

ከጨዋታው ውጪ አንድ ነገር። የእናንተም ቡድን «የዌብሳይቱ ዳይስ ያጭበረብራል» ይላል? እኔ በተከታታይ ሦስት ጊዜ 1 ወጥቶብኝ ምዬ ተገዝቼ ነበር። ከዚያ አሰላሁት። ባለ20 ገጽ ዳይስ ላይ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ 1 የመውጣት ዕድሉ ከ8,000 አንድ ነው። ግን አምስት ሰው በሴሽን 15 ጊዜ ቢጥል፣ በ29 ሴሽን ከ2,000 በላይ ውርወራ ነው። ስለዚህ በዓመት ውስጥ ይህ ጉድ አንዱ ቡድን ላይ የመድረሱ ዕድል ከአራት አንድ ገደማ ነው። ዳይሱ ንጹሕ ነው። እኔ ነኝ ዕድለ ቢሱ።

ባለ20 ገጽ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማይኬ ጠፍቷል እንዳለችው ለየብቻ ጠየቅኳቸው።

ሌባዋ ወዲያው ሦስት ገጽ ላከችልኝ፣ ሳትጠየቅ ጽፋ ያስቀመጠችው ነው። ሁለቱ አንድ አንድ ነገር አላቸው። አራተኛው ሁለት ቀን ዝም ካለ በኋላ «እውነቱን ልንገርህ፣ ካራክተሬ ከሰለቸኝ አምስት ወር ሆኖታል፣ አንተን ላለማስከፋት ነው የምመጣው፣ ግን እኔ ራሴ ዲኤም መሆን እፈልጋለሁ» አለኝ። አምስት ወር! እኔ ደግሞ ለእሱ ካራክተር የጠፋ ወንድም አዘጋጅቼ ምስጢር ስጠብቅ።

ስለዚህ ሦስት ሴሽን፣ በየሁለት ሳምንቱ፣ ሦስት ሰው ከመጣ እንጫወታለን። ከዚያ ወንበሩን ለእሱ እለቅና እኔም እንደ ሰው አንድ ካራክተር ይዤ እገባለሁ። የተጣላነው ኩርፊያ ላይ ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ የቡድኑን ወርቅ ይዞ ይጥፋ የሚሉ አሉ፣ ንጉሥ ይሁን የሚሉም አሉ። ሌባዋ ወርቁን አስቀድማ ከእሱ ሰርቃዋለች፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው፣ ለሌሎቹ እንዳትነግሩብኝ።