ሳይዘጋጁ የሚጠብቁኝን ደንበኞች እንዴት ልያዛቸው?

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ፤ ቤትና ቢሮ ድረስ እየሄድኩ ነው የምሠራው። ሥራው አይከብደኝም። ያስቸገረኝ ደንበኛው ነው።

ከመሄዴ በፊት ደውዬ እነግራቸዋለሁ፦ ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ፣ የይለፍ ቃላችሁን አዘጋጁ። «እሺ፣ እሺ» ይላሉ። ስደርስ ምንም የለም።

ባለፈው የአንዱን ማዘርቦርድ (የኮምፒውተሩን ዋና ሰሌዳ) ቀየርኩ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ የቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) ቁልፍ ጠየቀ። 48 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው፤ ያለ እሱ ዲስኩ አይከፈትም። ሥራ ሳልጀምር ጠይቄው «አለኝ» ብሎኝ ነበር። ሲፈለግ ጠፋ። ቁጥሩ ተቀምጦበት ይሆናል ያልነውን አካውንት ለመክፈት ሁለት ሰዓት ሙሉ ታገልን፤ የይለፍ ቃሉንም ረስቶታል። በመጨረሻ «አንተ ነህ ያበላሸኸው» ብሎ አልከፍልም አለ። የልጆቹ ፎቶ እዚያ ውስጥ ስለነበረ ንዴቱ ይገባኛል። እኔንም አንጀቴን በልቶኛል። ግን ጥፋቱ የኔ ነው?

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ቁልፉን በዓይኔ ካላየሁ ሳልጀምር ልመለስ? ለባከነው ሰዓት ላስከፍል? ወይስ አስቀድሜ ላስፈርም? ደንበኛ እንዳይሸሸኝ እፈራለሁ። ሰው ሳይከፋው «እንዲህ ከሆነ አልጀምርም» የሚባልበት አነጋገር ካላችሁ፣ በተለይ እሱን ንገሩኝ።